ከባትሪ ድንጋይ እስከ ማነጻጸሪያ ኤሌክትሮድ፦ የልኬት ማስታወሻ

ሰኞ

የ12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ላይ የኤሌክትሮድ ፖቴንሻል ሠንጠረዥ አለ፣ ሶሉሽን ውስጥ የተነከረ ብረት (ኤሌክትሮድ) ስንት ቮልት እንደሆነ የሚዘረዝር። ዚንክ -0.76፣ መዳብ +0.34፣ ብር +0.80 ቮልት። ተማሪው ይሸመድደዋል፣ ፈተና ላይ አንዱን ከሌላው ይቀንሳል፣ ያልፋል። ዘንድሮ ግን አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ "መምህር፣ ዚንኩን ብቻውን ለክተው ነው ይህን ቁጥር ያገኙት?" አለችኝ።

አይደለም። ብቻውን የሚለካ ኤሌክትሮድ የለም። ቴስተር ሁለት ገመድ አለው፣ የሚያሳየውም በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት ስንል ከባሕር ወለል ጀምረን እንደምንቆጥረው ማለት ነው። የኬሚስቶች ባሕር ወለል የሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ ነው። በስምምነት ዜሮ ተብሏል፣ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይቆጠራል።

ይህን በቃል ከማስረዳት በላብራቶሪያችን ባለው ዕቃ ሠንጠረዡን ራሴ ልሞክረው አልኩ። ምን ያህል እንቀርባለን? የራቀውስ ለምን ራቀ? እየሠራሁ የምጽፈው ይኸው ነው።

ማክሰኞ፣ ዕቃ ማሰባሰብ

ዚንኩ የመጣው ካለቀ የባትሪ ድንጋይ ነው። ርካሹ ዓይነት፣ ዚንክ ካርቦን የሚባለው፣ የውጭ ልባሱ ሲገፈፍ ቀፎው ራሱ ዚንክ ነው። ጥቁሩን ዱቄት በጓንት ጠርጌ ቀፎውን በመቀስ ቆረጥኩት፣ አጥቤ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት። አልካላይን የሚል የተጻፈበትን ድንጋይ መክፈት ግን የለም። ውስጡ ቆዳ የሚያቃጥል ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፣ ቀፎውም ዚንክ አይደለም።

መዳቡ ወፍራም የቤት መስመር ሽቦ ነው፣ ላስቲኩ ተልጦ። ኮፐር ሰልፌትና ዚንክ ሰልፌት ስቶር ውስጥ ነበሩ። ውሃው ከነዳጅ ማደያ የሚገዛው የባትሪ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ክሎራይድም ካልሲየምም ስላለ አልተጠቀምኩም።

ሁለቱንም ሶሉሽን 0.1 ሞላር አደረግኋቸው። ለ100 ሚሊ ሊትር ከሰማያዊው የኮፐር ሰልፌት ክሪስታል 2.50 ግራም፣ ከዚንክ ሰልፌቱ 2.88 ግራም ይገባል። ክሪስታሉ የያዘውን ውሃ አስቦ መመዘን ያስፈልጋል። ኮፐር ሰልፌት 5 የውሃ ሞለኪውል ይዞ ይመጣል፣ ዚንክ ሰልፌት 7።

ለጨው ድልድዩ፣ ማለትም ሁለቱን ሶሉሽኖች ለሚያገናኘው መስመር፣ ያልተነካ የግሉኮስ ቱቦ ቆርጬ 1 ሞላር ፖታሲየም ናይትሬት በስሪንጅ ሞላሁበት፣ ሁለቱን ጫፎች በጥጥ ወተፍኩ። ፖታሲየም ናይትሬት የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። ፖታሲየሙና ናይትሬቱ በውሃ ውስጥ የሚጓዙበት ፍጥነት ተቀራራቢ ነው። አንዱ አዮን (ቻርጅ ያለው ቅንጣት) ሌላውን ጥሎ ከሮጠ ድልድዩ ጫፍ ላይ ያልጠራነው ቮልቴጅ ይፈጠራል፣ ከምንለካው ጋርም ይደመራል። ቱቦው ውስጥ አየር ከገባ ደግሞ መስመሩ ተቆረጠ ማለት ነው፣ ቴስተሩ ላይ ቁጥር ሲጨፍር ያስታውቃል።

ረቡዕ፣ የመጀመሪያው ሴል

ዚንክ በአንድ ቢከር፣ መዳብ በሌላው፣ መሐላቸው ቱቦው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ጆን ፍሬደሪክ ዳንኤል እ.ኤ.አ. በ1836 ለንደን ውስጥ የሠራው ሴል ዘመድ ነው። በሠንጠረዡ 1.10 ቮልት ይጠበቃል።

ደህናው መልቲሜትር 1.094 አነበበ። ኤሌክትሪሺያኖች ኪሳቸው የሚከቷት ቢጫዋ ርካሽ ቴስተር 1.084 አለች። 10 ሚሊቮልት ተለያዩ። የአንዱ ገመድ ልል ነው ብዬ አጠበቅሁ፣ ክሊፕ ቀየርኩ፣ ያው ነው።

ነገሩ ያለው ቴስተሮቹ ውስጥ ነው። ቮልት ስንለካ መሣሪያው ትንሽ ከረንት መምጠጡ አይቀርም። ደህናው 10 ሜጋ ኦም የውስጥ ሬዚስታንስ አለው፣ ቢጫዋ 1 ሜጋ ኦም ብቻ። የእኛ ሴል ደግሞ እንደ መኪና ባትሪ አይደለም። ከረንቱ በቀጭን ቱቦና በተጠቀጠቀ ጥጥ ውስጥ ማለፍ አለበት፣ እዚያው መንገድ ላይ የተወሰነ ቮልት ይቀራል።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። ደህናውን መልቲሜትር እንደተሰካ ትቼ ባለ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ጎን ለጎን አያያዝኩበት። ንባቡ ከ1.094 ወደ 1.083 ወረደ። ከዚህ ሲሰላ የሴሉ የራሱ ሬዚስታንስ ወደ 10 ኪሎ ኦም ይመጣል። አብዛኛው የድልድዩ ነው። ይህን ሙከራ ለማንም እመክራለሁ። ሬዚስተሩ ሲገባ ንባቡ ብዙ ከወረደ ያየነው ቁጥር የሴሉ ብቻ አልነበረም።

በጥንት ጊዜ ዲጂታል ሳይኖር ይህን እንዴት ተወጡት? ጀርመናዊው ፖገንዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1841 ያወጣው ዘዴ እስካሁን ያስደንቀኛል። የሚለካውን ሴል ከሌላ ምንጭ በሚመጣ ቮልቴጅ ፊት ለፊት ያጋጥሙታል። ያንን ከፍ ዝቅ እያደረጉ በመሐል የሚያልፈው ከረንት ዜሮ ሲሆን ያቆማሉ። ከረንት ካላለፈ መንገድ ላይ የሚቀር ቮልት የለም። ረጅም ሽቦ፣ ማስመሪያና ጋልቫኖሜትር (ጥቂት ከረንት እንኳ ሲያልፍ የሚያሳይ መሣሪያ) ካለ ዛሬም ትምህርት ቤት ውስጥ ይሠራል።

1.094 ጥሩ ቁጥር ነው። ግን ምን ያህሉ የዚንኩ፣ ምን ያህሉ የመዳቡ እንደሆነ አይናገርም። ከሁለቱም ውጭ የሆነ፣ የማይነቃነቅ ሦስተኛ ወገን ያስፈልጋል፣ ማነጻጸሪያ ኤሌክትሮድ የሚባለው።

ሐሙስ፣ ስለ ሃይድሮጅን ትንሽ

እውነተኛው ዜሮ ለምን አልተሠራም ለሚል፦ ፕላቲኒየም ያስፈልጋል፣ ያውም ላዩ በጥቁር የፕላቲኒየም ዱቄት የተለበጠ። ንጹሕ የሃይድሮጅን ጋዝ ያስፈልጋል። አሲዱም በትክክል የተለካ መሆን አለበት። ዋጋውን ትተን ለትምህርት ቤት ክፍል የሃይድሮጅን ጋዝ እሳት መጋበዝ ነው።

ሌላም አለ። ስምምነቱ ጋዙ በ1 ባር ግፊት እንዲሆን ይላል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት 0.77 ባር ገደማ ነው። ከዚያ ላይ የውሃው ትነት ድርሻ ሲቀነስ ለሃይድሮጅኑ 0.74 ያህል ይቀርለታል። ስለዚህ እዚህ ክፍት ቢከር ውስጥ ሃይድሮጅን ብናንቦቀቡቅ ዜሯችን ወደ 4 ሚሊቮልት ከፍ ትላለች። ትንሽ ናት፣ በስሌት ትስተካከላለች፣ ግን መጽሐፉ ላይ የለችም። ደጋ ላይ ላለ አስተማሪ ጥሩ የፈተና ጥያቄ ይወጣታል።

ዓርብ፣ ማነጻጸሪያውን መሥራት

የመረጥኩት የብርና የሲልቨር ክሎራይድ (የብርና የክሎሪን ውሁድ) ኤሌክትሮድ ነው። በየላብራቶሪው የፒኤች (የአሲድነት) መለኪያ ውስጥ የሚገኘው ይኸው ነው። የብር ሽቦ፣ ላዩ ላይ የሲልቨር ክሎራይድ ልባስ፣ ዙሪያውን የፖታሲየም ክሎራይድ ሶሉሽን። በቃ።

ብሩን ከአንድ አንጥረኛ ገዛሁ። "እህቴ፣ ለጆሮ ነው ለአንገት?" አሉኝ። ለጨው ውሃ ነው ስላቸው ግራ ተጋብተው ሳቁ። ንጹሕ ብር መሆኑን ደጋግሜ ጠየቅኋቸው፣ ምክንያቱም ለጌጥ የሚሠራበት ብር ብዙ ጊዜ መዳብ ይቀላቀልበታል። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር እንኳ ብሩ 83 በመቶ ገደማ ነው፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። መዳቡ የራሱን ፖቴንሻል ይዞ ይገባል፣ ማነጻጸሪያ ብሎ ነገር አይኖርም። ጠገራ መቁረጡም ያሳዝናል።

ሽቦውን በብርጭቆ ወረቀት አጽድቼ በረኪና ውስጥ ነከርኩት። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቆይ የሚያብረቀርቀው ብር ጠቆረ፣ ወደ ግራጫ ሐምራዊ አደላ። ያ ልባስ ሲልቨር ክሎራይድ ነው። በረኪናው አጠገብ አቼቶም ሆነ ሌላ አሲድ እንዳይኖር። ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ከዚያ ሽቦውን አጥቤ፣ ቀለሙ ወጥቶ በታጠበ የእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ አስገባሁት። ጫፉን በእርጥብ ጥጥ አጥብቄ ወተፍኩ፣ 3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ሞላሁበት። ይህም ለ100 ሚሊ ሊትር 22.4 ግራም ነው። ቀፎውን በጥቁር ፕላስተር ጠቀለልኩት፣ ሲልቨር ክሎራይድ ብርሃን አይወድም።

ሠንጠረዥ እንደሚለው ይህ ኤሌክትሮድ በ3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ ከሃይድሮጅኑ ዜሮ 0.210 ቮልት ከፍ ይላል። የኔ የእስክሪብቶ ቀፎ ግን ይህን መታዘዙን በምን አውቃለሁ? ሁለተኛ እሠራለሁ፣ ሁለቱን አንድ ብርጭቆ ውስጥ አድርጌ እርስ በርሳቸው እለካቸዋለሁ። ዜሮ ሊሉ ይገባል። መጀመሪያ 7 ሚሊቮልት ተለያዩ። እዚያው ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ ሲያድሩ በማግስቱ ወደ 1 ወረዱ። አዲስ ልባስ ለመርጋት ጊዜ ይፈልጋል። ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ተሳስተው ሊሆን ይችላል የሚል ካለ ልክ ነው፣ ለዚያ መልሱ ሌላ ዓይነት ማነጻጸሪያ ነው። እመለስበታለሁ።

ቅዳሜ፣ የየራሳቸው ቁጥር

ደንብ አወጣሁ። የቴስተሩ ጥቁር ገመድ ሁልጊዜ ማነጻጸሪያው ላይ፣ ቀዩ የሚለካው ብረት ላይ። እንዲህ ከሆነ መደመርና መቀነሱን ቴስተሩ ራሱ ይነግረናል። ነገሩ ቀልድ አይደለም። በአሮጌ የአሜሪካ መጻሕፍት የዚንክ ቁጥር +0.76 ተብሎ ይገኛል፣ ምልክቱን ገልብጠው ይጽፉ ነበርና። ዓለም አቀፉ የኬሚስቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1953 ስቶክሆልም ላይ ነው ወደ አንድ ያመጣው።

መዳብ በ0.1 ሞላር፦ +0.078 ቮልት። ዚንክ በ0.1 ሞላር፦ -1.017 ቮልት። የሁለቱ ልዩነት 1.095 ይመጣል። ረቡዕ ዕለት በቀጥታ የለካሁት 1.094 ነበር። ሦስቱ ልኬቶች እርስ በርስ ገጠሙ። ማነጻጸሪያው ሥራውን እየሠራ ነው።

አሁን ወደ ሠንጠረዡ እንቀይረው። መዳቡ ላይ 0.210 ስንደምር +0.288 ይሆናል። መጽሐፉ +0.34 ይላል። በእርግጥ መጽሐፉ ለ1 ሞላር ነው፣ እኔ የተጠቀምኩት 0.1። ፖቴንሻልን ከኮንሰንትሬሽን ጋር የሚያያይዘው የኔርንስት ቀመር እንደሚለው ለመዳብ ኮንሰንትሬሽኑ 10 ጊዜ ሲቀንስ ፖቴንሻሉ በ29 ሚሊቮልት ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ +0.31 መሆን ነበረበት። 22 ሚሊቮልት የት ገባ?

እዚህ ላይ ነው ሥራው የጣፈጠኝ። ሶሉሽኑን ወደ 0.01 ሞላር አቀጠንኩት፦ +0.060። ወደ 0.001 ሞላር፦ +0.038። የመጀመሪያው እርምጃ 18 ሚሊቮልት፣ ሁለተኛው 22። ሁለቱም ከ29 ያንሳሉ፣ ግን እየቀጠነ ሲሄድ ወደ 29 እየቀረበ ነው። ይህ የመሣሪያ ስህተት አይመስልም። መልክ አለው።

ምክንያቱ ሰልፌቱ ነው። የመዳብ አዮን ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው፣ ሰልፌት ሁለት ኔጌቲቭ። ሶሉሽኑ ሲወፍር አጥብቀው ይሳሳባሉ፣ መዳቡ እንደ ልቡ አይንቀሳቀስም። ኤሌክትሮዱ የሚሰማው በሚዛን የተመዘነውን መዳብ ሁሉ ሳይሆን ውጤታማውን ድርሻ ነው፣ አክቲቪቲ የሚባለውን። በ0.1 ሞላር ኮፐር ሰልፌት ውስጥ ይህ ድርሻ 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በ0.01 ሞላር ወደ 40 በመቶ፣ በ0.001 ወደ 74 በመቶ ከፍ ይላል። 15 በመቶውን ይዤ ቀመሩን ስሠራው +0.286 ወጣ። የለካሁት +0.288 ነው። ከእስክሪብቶ ቀፎ ይህ መገኘቱ ደስ ያሰኛል።

የ12ኛ ክፍል መልመጃ ግን ኮንሰንትሬሽኑን ብቻ ቀመሩ ውስጥ አስገቡ ይላል። ተማሪው ለክቶ 18 ሲያገኝ "ሙከራው አልሠራም" ብሎ ይወጣል። ሙከራው ሠርቷል፣ ያጠረው መልመጃው ነው። ማስታረቂያ መንገድም አለ። ሁለቱን ቀጫጭን ሶሉሽኖች በንጹሕ ውሃ ፈንታ በ1 ሞላር ፖታሲየም ናይትሬት ሠራኋቸው። በዚህ ጊዜ የአዮኖቹ ግርግር በሁለቱም ተመሳሳይ ስለሆነ የመዳቡ ውጤታማ ድርሻ ብዙም አይለዋወጥም። እርምጃው 28 ሚሊቮልት ሆነ። ለክፍል የምሰጠው ይህንን ነው።

ሰኞ፣ የብር ነገር

ጥቂት ሲልቨር ናይትሬት ስለነበረ 0.01 ሞላር ሠርቼ ንጹሕ የብር ሽቦ ነከርኩበት። ማነጻጸሪያውን በቀጥታ መክተት አይቻልም። ከጥጡ የሚያመልጠው ክሎራይድ ከብሩ ጋር ሲገናኝ ወዲያው ነጭ ደመና ይሠራል። በፖታሲየም ናይትሬቱ ቱቦ አገናኘኋቸው። +0.468 ቮልት፣ 0.210 ሲደመር +0.678። ከስሌቱ ጋር በአንድ ሁለት ሚሊቮልት ይገጥማል።

ደግሞም ማነጻጸሪያው ለምን እንደማይነቃነቅ ያሳያል። እሱም እኮ የብር ኤሌክትሮድ ነው። ልዩነቱ፣ ክሎራይዱ የብር አዮኑን አንቆ መያዙ ነው። ሲልቨር ክሎራይድ ውሃ ውስጥ እጅግ በጥቂቱ ስለሚሟሟ፣ ክሎራይዱ እስካልተለወጠ የብር አዮኑም አይለወጥም። የብር +0.80 ወደ +0.21 የሚወርደው በዚህ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ምስማርና ቆርቆሮ

ከንጹሑ ሶሉሽን ወጥቼ ወደ ጨው ውሃ ገባሁ፣ ከወጥ ቤት ጨው የተሠራ፣ 3 በመቶ ገደማ። እዚህ ቁጥሮቹ ከሠንጠረዡ ጋር መጣላት ይጀምራሉ።

ከማድ ቤት ድስት የተቆረጠ አሉሚኒየም -0.74 አነበበ። ወደ ሃይድሮጅን ሲቀየር -0.53 ነው። ሠንጠረዡ -1.66 ይላል! ከአንድ ቮልት በላይ ልዩነት። አሉሚኒየም አየር እንዳገኘ በቀጭን ኦክሳይድ ይሸፈናል፣ ቴስተሩም የሚያገኘው ራቁቱን አሉሚኒየም ሳይሆን ይህን የተሸፈነ ፊት ነው። ባይሸፈን ኖሮማ ድስቱ ውሃ አይዝም ነበር።

ምስማሩ ሲነከር -0.45 ነበር፣ ቀስ በቀስ ወርዶ -0.62 አካባቢ ረጋ። አዲስ የቤት ክዳን ቆርቆሮ -1.01፣ ብረቱ ላይ የተለበጠው ዚንክ ማለት ነው። ጠርዙን ቆርጬ ብረቱን አጋልጬ ብነክረውም -1.00 አካባቢ ቆየ። ዚንኩ እየተበላ የተጋለጠውን ብረት ወደ ራሱ ፖቴንሻል ጎትቶ ያቆየዋል። ከምናለሽ ተራ ያመጣሁት ያረጀ፣ የዛገ ቁራጭ -0.58 ብቻ ነው። ዚንኩ አልቋል፣ የቀረው ብረት ነው። ቆርቆሮ ሻጭ ፊት ቴስተር ይዞ መቆም ባይመችም፣ ዚንኩ መኖሩን በዚህ መለየት ይቻላል።

ዓርብ፣ ሁለተኛው ማነጻጸሪያ

በብሩ ላይ ያለኝን ጥርጣሬ ለመዝጋት ሌላ ዓይነት ሠራሁ። የመዳብ ሽቦ፣ እስኪጠግብ ድረስ ኮፐር ሰልፌት የሟሟበት ውሃ፣ ሥሩ ላይ ያልሟሟ ሰማያዊ ክሪስታል፣ ጫፉ ላይ ለስላሳ የእንጨት ውታፍ። ክሪስታሉ እስካለ ድረስ ሶሉሽኑ ራሱን ይጠብቃል። የነዳጅና የጋዝ ቧንቧ መሐንዲሶች መሬት ላይ እየተከሉ የሚለኩት በዚህ ነው። ከሃይድሮጅን +0.316 እንደሆነ ይታወቃል፣ ስለዚህ ከኔ የብር ኤሌክትሮድ 0.106 መብለጥ አለበት። 0.104 አነበበ። በተለያየ ኬሚስትሪ የተሠሩ ሁለት ማነጻጸሪያዎች በ2 ሚሊቮልት ተስማሙ። በቂ ነው።

መሐንዲሶቹ የሚሉት ቁጥር -0.85 ቮልት ነው። የተቀበረ ብረት በዚህ ኤሌክትሮድ ሲለካ -0.85 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ከዝገት ተጠብቋል ይባላል። በኔ የብር ኤሌክትሮድ ሲቆጠር -0.74 ነው። ምስማሩን ከዚንክ ቁራጭ ጋር በሽቦ አያይዤ ጨው ውሃ ውስጥ ለካሁት፦ -0.99። ከመስመሩ በጣም ታች ነው። ሌላው ምስማር፣ ብቻውን የተተወው፣ ሲነጋ ውሃውን ቡናማ አድርጎት አደረ። ከዚንክ የታሰረው ውሃ ንጹሕ ነበር፣ ዚንኩ ላይ ግን ነጭ ዱቄት ተጠራቅሟል።

ሰኞ፣ ግቢ ውስጥ

የመዳብ ኤሌክትሮዱን ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ የውሃ መስመር ወጣሁ። የጥበቃው ሰውዬ "መምህር፣ ወርቅ አገኙ እንዴ?" እያሉ ተከተሉኝ። መሬቱን በውሃ አራስኩ፣ የእንጨት ውታፉን ተከልኩ፣ ቀዩን ገመድ በፋይል በተፋቀ የቧንቧ አንገት ላይ አሰርኩ።

አዲሱ ሕንጻ አጠገብ -0.97 ቮልት። የአሮጌው ሽንት ቤት ቧንቧ ላይ -0.59። የመጀመሪያው ቧንቧ የዚንክ ልባሱ እንዳለ ነው። ሁለተኛው ራቁቱን የቀረ ብረት ይመስላል። አንድ ነጥብ ላይ የሚነበበው ዙሪያው ያለው የቧንቧው ክፍል ድምር ስለሆነ የትኛው ቦታ ላይ እንደተበሳ አይናገርም። ለጥገና ክፍሉ ቁጥሩን ከነቦታው ጽፌ ሰጠሁ። መሬቱ በክረምቱ ዝናብ በደንብ ሲርስ በእነዚያው ነጥቦች ላይ እደግመዋለሁ። አፈሩ ደረቅ ሲሆን ሬዚስታንሱ ትልቅ ነው፣ እንዲያ ሲሆን ያ የ1 ሜጋ ኦም ሙከራ እዚህም ያስፈልጋል። ቢጫዋ ቴስተር ከዚህ ሥራ ውጭ ነች።